ከመስተዋቱ ጀርባ የኖሩ ምላጮች

ሱሀይላ በሺር ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት በደሴ የሆጤ ሰፈር ጎረቤቶች «መርማሪዋ» የሚል ስም አወጡላት። ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታው ቀጥላ «ይኼ ምንድን ነው?» ትላለች፤ ሲነግሯት ደግሞ «ከዚያስ የት ይሄዳል?» ትላለች። የቀለጠው ሻማ የት ይሄዳል፣ የተቆረጠው ጥፍር የት ይሄዳል፣ ሚኒባሱ ሰዉን ካራገፈ በኋላ የት ይሄዳል። እናቷ ሐዋ መልስ ሲያልቅባት «አባትሽን ጠይቂው» ብላ ትገላገላት ነበር። አባቷም ቢሆን ብዙውን እየመለሰ ቆይቶ አንድ ነገር ላይ ተሸነፈላት። ያ ነገር የምላጩ ጉዳይ ነበር።

በሺር ፀጉር አስተካካይ ነበር። ፒያሳ አንድ ካፌ ጎን በተከራያት ጠባብ ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የደሴን ሰው ራስና አገጭ ሲያሳምር ኖሯል። ስለ ራሱ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። በአንድ ነገር ግን ይኮራል፤ ሲኮራም ለከት የለውም። «ወላሂ፣ ከኔ ምላጭ ደም ወጥቶ አያውቅም» ይላል። የሚላጩት ሰዎች ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን አዝናንተው ይሰጡት ነበር። ጉሮሮውን ለምላጭ የሰጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢነገረው አይጠላም መቼም።

ዓርብ ጠዋት ግን ፒያሳ አይሄድም ነበር። ሦስት አራት ወዳጆቹን እዚያው ሆጤ፣ እቤቱ፣ ከትልቁ መስተዋት ፊት እያስቀመጠ በነጻ ይላጫቸዋል። ከጁምዓ በፊት የሚመጡ ሙስሊሞች አሉ፤ የግቢ ጎረቤታቸው ጋሽ ቀለሙም አሉ። ጋሽ ቀለሙ ያን ጊዜ ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ክርስቲያን ስለሆኑ ጁምዓ ባይመለከታቸውም ዓርብን ቀርተው አያውቁም። ትንሿ ሱሀይላ ከወንበሩ ሥር ቁጭ ብላ የአባቷን እጅ ትከታተላለች።

በሺር ምላጩን ከነወረቀቱ ይይዝና በሁለት አውራ ጣቶቹ ጎንበስ ያደርገዋል። ቀጭ ይላል፤ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ስለቱ ጣቱን ሳያገኘው አንዱን ግማሽ መያዣው ላይ ይገጥማል፤ ሌላው ወረቀቱ ውስጥ ተኝቶ ተራውን ይጠብቃል። ለአንድ ሰው አንድ ግማሽ ነው፤ የአንድ ሰው ጢም የነካ ስለት ለሌላ አይሆንም። ሁለቱም ግማሾች ሥራቸውን ሲጨርሱ በዚያው በራሳቸው ወረቀት አንድ ላይ ይጠቀለላሉ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ በሺር የመስተዋቱን ታችኛ ጠርዝ ገለጥ ያደርግና፣ የጭቃው ግድግዳ ላይ ራሱ በቢላ በፈለፈላት ቀጭን ስንጥቅ ጥቅሉን ያሾልከዋል። ከግድግዳው ውስጥ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል።

«አባ፣ ከዚያስ የት ይሄዳል?»

«ግድግዳው ይጠብቀዋል።»

«እስከ መቼ?»

በሺር እዚህ ላይ ነው የተሸነፈው። መስተዋቱን አስተካክሎ ሰቅሎ ሲያበቃ «ቤቱ እስከ ቆመ ድረስ» አላት። ሱሀይላ ሌላ ጥያቄ ነበራት፤ ቤቱ ካልቆመስ የሚል። ሐዋ ግን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

ያገለገለን ምላጭ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ መሰካት የበሺር ብቻ አልነበረም። በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳ ላይ ከተጣለ የልጅ እግር ያገኘዋል፣ ቆሻሻ ውስጥ ከገባ ቆሻሻ የሚደፋውን ሰው እጅ ይቆርጣል። ግድግዳ ግን አይራመድም፣ እጅም የለውም። እንደ በሺር በወረቀት ጠቅልሎ የሚያኖር ሰው አልነበረም እንጂ ሐሳቡ የሁሉም ነው።

ዛሬ ሱሀይላ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በየማለዳው ከደሴ በሚኒባስ ቁልቁል ኮምቦልቻ ትወርዳለች፣ ማታ ተመልሳ ትወጣለች። የምትሠራው አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሥራዋ ሲነገር ሰው ያስቃል። ምላጭ ጠባቂ ናት። ቆረጣ ክፍል የሚባል ትልቅ አዳራሽ አለ። እዚያ ጨርቁ ረጅም ጠረጴዛ ላይ እየተደራረበ ይነጠፋል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቆራጭ ማሽን ይሰነጥቀዋል። የማሽኑ ምላጭ ሲደነዝዝ ይወጣና ሌላ ይገባል። አዲሱ የሚመጣው ከሱሀይላ ቁም ሣጥን ነው፤ አሮጌውም የሚሄደው ወደ ሱሀይላ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ «የት ይሄዳል» ስትል የኖረች ልጅ መጨረሻ ላይ መሄጃው እሷ ሆነች።

ደንቡ ብዙ ነው፤ እሷም ደንቡን ትወደዋለች። አዲስ ምላጭ ከዘይታም ወረቀቱ የሚወጣው ማሽኑ ጋ ሲደርስ ነው። ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ወሳጁ ራሱ ያነሳዋል። አሮጌው ሳይመለስ አዲስ አይወጣም። አሮጌው የሚገባው ክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ምላጭ ሲሰበር ነው። ስብርባሪው እስከ መጨረሻው ተለቅሞ ነጭ ወረቀት ላይ እንደነበረ እየተገጣጠመ ይደረደራል። የጎደለ ቦታ ካለ ጠረጴዛው ይቆማል፤ አለቃ ቢቆጣም ባይቆጣም ይቆማል። አንድ ጊዜ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስባሪ ጠፍታ ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ። የተገኘችው በአንድ ቆራጭ ሠራተኛ ሱሪ እጥፋት ውስጥ ነው። ሰውየው ይዟት ምሳውን በልቶ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ ማታ ለአባቷ ስታወራለት በሺር መጀመሪያ «ለምላጭ ይህን ያህል?» አለ። ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም ስትለው ግን ደስ አለው። «እንዴ፣ ይኼማ የኛ ነው። ስለት በእጅ ከተቀባበሉት ያጣላል፤ ፋብሪካው ከየት ሰማው?» አላት።

ስለ አባቷ ግን ያልገባት አንድ ነገር ነበር። በሺር ሥራ ያቆመው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ አንድ ዓርብ ቀን፣ ድንገት። የፒያሳዋን ክፍል ለቀቀ፣ የቤቱን መስተዋት ግን ግድግዳው ላይ ተወው። ለጠየቀው ሁሉ «ዓይኔ ደከመ» ይላል። ሱሀይላ ግን ደቂቁን የቁርኣን ፊደል ያለ መነጽር ሲቀራ ታየዋለች። መርፌ ስታስቸግራት ክሩን አርጥቦ የሚነግራት እሱ ነው፤ «ቀዳዳው ወደ ግራ ነው፣ አዙሪው» እያለ። አንድ ቀን «አባ፣ የደከመው የትኛው ዓይንህ ነው?» አለችው። «ተይው እስቲ» አላት። ተወችው፤ አልረሳችውም።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ በዛና የሳሎኑ ግድግዳ፣ ያ የመስተዋቱ ግድግዳ፣ ወደ ውጭ አጋደለ። ፈርሶ እንደገና መመረግ ነበረበት። ሰፈሩ ጅጌ ሊወጣላቸው ተስማማ፤ ግማሹ አፈር ሊያመጣ፣ ግማሹ ጭቃ ሊረግጥ፣ ግማሹ ሊለጥፍ። ዓርብ ለጁምዓ ነው፣ እሑድ ለቅዳሴ ነው፤ ስለዚህ መጪው ቅዳሜ ታልፎ ቀኑ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቆረጠ። አባትና ልጅ ደግሞ ለብቻቸው ተነጋገሩ። ግድግዳው በሰው እጅ ሳይነካ እነሱ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ጥቅሎቹን ሊያወጧቸው ተስማሙ። ለጎረቤት ግን ምንም አልተናገሩም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤት ደግሞ ደግነቱ አላስቀምጥ አለው። በሺር የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ መጪውን ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ እንደሚውል ሲሰሙ፣ ሳምንት ቀድመን ሠርተን ብናስደንቀው ምን ይመስላችኋል ተባባሉ። ሐዋም አክስቷ ቤት ሄዳለች። ቤቱ ባዶ ነው፤ ለደግነት የተመቸ ነው።

ሱሀይላ ቅዳሜ ሥራዋ ግማሽ ቀን ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ ከባጃጅ ወርዳ የግቢውን በር ስትከፍት በመጀመሪያ ያየችው መስተዋቱን ነው። አጥር ተደግፎ ሰማይ ያሳያል። ቀጥሎ ሳሎናቸውን አየችው፤ ከደጅ ሆና እስከ ጓዳ ድረስ ይታያታል። ግድግዳው ከጉልበት በታች ካለው ጉቶ በቀር የለም። አፈሩ ተከስክሶ ግቢው መካከል ክብ ሆኖ ተከምሯል፣ ጭድ ተበትኖበታል፣ ጀሪካኖች በተራ ቆመዋል። የጋሽ ቀለሙ ሚስት እትዬ አልጣሽ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው እግራቸውን እየታጠቡ ነው። በሆጤ ጭቃ እንደሳቸው የሚረግጥ የለም፤ የረገጡት ጭቃ ሲደርቅ አይሰነጠቅም ይባላል።

 ለሱሀይላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የታያት፤ የእትዬ አልጣሽ እግር አፈሩ ውስጥ ሲሰምጥ። ሠላሳ አራት ዓመት ደም ያላወጣ ምላጭ፣ ሰው ሊረዳው በመጣበት ቀን ሊያወጣ ነው።

«እትዬ አልጣሽ፣ እግርዎን ይመልሱልኝ» አለች። ጮክ አላለችም፤ ድምፅዋ ግን ሁሉንም አቆመ። «አፈሩ ውስጥ ምላጭ አለ።»

«የምን ምላጭ?»

«የአባ። ከመስተዋቱ ጀርባ የነበረው።»

 ራዲዮ ጠጋኙ ስለሺ አካፋውን ተደግፎ «ለካ ግድግዳውም ይላጭ ነበር» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሱሀይላ አልሳቀችም። ማንም በባዶ እጁ አፈሩን እንዳይነካ፣ ልጆች ወደ ሌላ ግቢ እንዲወሰዱ፣ ጫማ ያወለቀ ሁሉ ጫማውን እንዲያደርግ ተናገረች። ከእሷ በሃያ ዓመት የሚበልጡ ሰዎች እሺ ብለው ሲታዘዟት ለራሷም ገረማት። ስለሺን ደግሞ «ማግኔት ያለው ሰው አንተ ነህ» አለችው። ስለሺ ሮጦ ሄዶ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የፈታውን፣ የሳህን ያህል የሚሰፋ ማግኔት በገመድ አንጠልጥሎ መጣ። እሷም የአሸዋ ወንፊት፣ ጉጠት፣ ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮና ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ይዛ ወጣች። የቀን መቁጠሪያውን በጀርባው፣ በነጩ በኩል፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

የጥንቶቹ ጥቅሎች አላስቸገሩም። ከግድግዳው ጉቶ ውስጥ፣ ታች በወደቁበት፣ በዝገት ተጣብቀው እንደ አንድ ጡብ ሆነዋል፤ በአካፋ ብድግ ተደርገው ወጥተው ቆርቆሮው ውስጥ ገቡ። ከላይ የነበሩት አዲሶቹ ናቸው ከአፈሩ ጋር የተበተኑት። በወንፊቱ አንድ በአንድ ብቅ ይሉ ጀመር፤ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለባቸው፣ እንደ ተጠቀለሉ። ሰዉ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፤ እየቆየ ግን የማየት ጉጉት አደረበት። ሱሀይላ በጉጠት እያነሳች ወረቀቱን ትገልጣለች፣ ሁለት ግማሽ መኖሩን ታያለች፣ ቆርቆሮው ውስጥ ትከታለች። ሁለት። ሁለት። ሁለት። «እያንዳንዱን ለምን ታዪዋለሽ?» አሏት ጋሽ ቀለሙ። «አባ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚጠቀልለው፤ አንዱ ከጎደለ አፈሩ ውስጥ አለ ማለት ነው» አለቻቸው። ጋሽ ቀለሙ ሌላ አልጠየቁም።

በሺር ከቦሩ ሜዳ የተመለሰው ይኼኔ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የፈረሰውን ግድግዳ አየ፣ ወንፊቱን አየ፣ በልጁ ፊት የተደረደሩትን ወረቀቶች አየ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ ቀስ ብሎ። ማንም እንዳልተጎዳ ሲነግሩት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ከበሩ አጠገብ ባለ ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ እንዳዘነ መስሎት «አብሽር፣ ማታ ግድግዳህ ይቆማል» እያለ ያጽናናው ጀመር።

ከቀሩት ጥቅሎች አንዱ በጣም አዲስ ነበር። ወረቀቱ አልደበዘዘም፣ ዝገትም የለውም። ሱሀይላ በጉጠት ገለጠችው። ውስጡ ያለው አንድ ግማሽ ብቻ ነው።

ወረቀቱ አልተቀደደም፤ እጥፋቱም እንደ ታጠፈ ነው። ሆኖም አፈሩ እንደገና ተነፋ። ማግኔቱ በክምሩ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ አንድ ሚስማርና የአሮጌ ቁልፍ ግማሽ ይዞ ወጣ፣ ምላጭ ግን የለም። ፀሐዩ ከረረ። «ልጄ፣ ይብቃን» አሉ እትዬ አልጣሽ፤ «አንድ ግማሽ ነው፤ እያየሁ ቀስ ብዬ እረግጠዋለሁ።»

«አይሆንም፣ እትዬ። እግርዎን ቢያገኘውስ? ካልተገኘ አፈሩ በሙሉ ይደፋል፤ አዲስ አፈር እናስጭናለን።»

ይህን ስትል የሰዉ ፊት ወደቀ። ከማለዳ ጀምሮ ያፈረሱት፣ የከሰከሱት፣ ጭድ የበተኑበት ነው። ግን ማንም አልተቃወማትም፤ አንዱ ተነስቶ አፈር የሚሸከሙበትን ባሬላ ሊያመጣ ሄደ። ሱሀይላ አንድ ነገር አስተዋለች። ጋሽ ቀለሙ አባቷን እያዩት ነው፤ እያዩትም ከግራ ጆሮአቸው ሥር ያለችውን ነጭ ጠባሳ በጣታቸው ይዳብሳሉ። አባቷ ደግሞ መሬት መሬቱን ያያል።

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባ፣ ይኼ የመጨረሻው ዓርብ ነው አይደል?» አለችው። «የቀረው ግማሽ የት ሄደ?»

 ባሬላው መጣ፤ የመጀመሪያው አካፋ አፈር ተዛቀ። «ተውት» አለ በሺር፣ ብድግ ብሎ። «አትድፉት። አፈሩ ንጹሕ ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «የሥራ ሣጥኔን አምጪልኝ።»

ሣጥኑ ሲመጣ ራሱ ሊከፍተው ሞከረ፤ ጣቶቹ ግን መቆለፊያውን መያዝ አቃታቸው፤ ተንቀጠቀጡ። የግቢው ሰው ሁሉ አየ። ሱሀይላ ከፈተችለት። በነጭ ፎጣ የተጠቀለለው የምላጭ መያዣ ተጣጥፎ ተኝቷል። «ያ ዓርብ» አለ በሺር፣ «እጄ ከዳኝ። ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ቀለሙን ቆረጥሁት። ደሙ ፎጣውን ሞላው። ዓይኔ አይደለም የደከመው። ከኔ ምላጭ ደም አይወጣም ስላችሁ የኖርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ውሸት ነው። ግማሹን ደግሞ እዚያ መክተት አልቻልኩም። ደም ያየ ስለት፣ ካላዩት ጋር እንዴት ይገባል ብዬ፣ እመያዣው ላይ እንዳለ ዘጋሁበት።»

ሱሀይላ መያዣውን በጉጠት ገለጠችው። ግማሹ ምላጭ እዚያው ነበር፤ ጫፉ ላይ ቡናማ ነጥብ አለበት። ነጩ ወረቀት ላይ አኖረችው፣ ከጥቅሉ የወጣውን ግማሽ አስጠጋችለት። ስብራታቸው ገጠመ። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ሲሆን ሰው እፎይ ይላል፤ እዚህ ግን ሰዉ ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ በሺር አዞረ።

እትዬ አልጣሽ ግን ባላቸውን አዩአቸው። «ቁልቋል ወጋኝ አላልከኝም?»

«አልኩሽ» አሉ ጋሽ ቀለሙ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የኔን የአጥር ቁልቋል ስትረግም?»

«ምን ላድርግ፣ አንቺ ብታውቂ ለሰፈሩ ትነግሪያለሽ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። በሺር ብቻ አልሳቀም፤ ቢሆንም ትከሻው ወረድ ሲል ሱሀይላ አይታለች። ሁለቱን ግማሾች በወረቀታቸው ጠቅልላ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠመጠመች፤ በላዩም «ምላጭ ነው፣ አይከፈት» ብላ ጻፈችበት።

«ከዚያስ የት ይሄዳል?» አላት አባቷ።

ቀና ብላ አየችው። «ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከፋብሪካው አሮጌዎች ጋር ለብረት አቅላጮች ይሰጣል፤ ይቀልጣል።»

በሺር ራሱን ነቀነቀ። ውሃው ተደፋ፣ አፈሩ ጠቆረ። ተራው የእትዬ አልጣሽ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ግማሽ ቀን ሙሉ ምላጭ ሲለቀምበት የዋለ አፈር ላይ ቀድሞ እግሩን ለመስደድ ሁሉም ትንሽ አመነታ። ጋሽ ቀለሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ የጫማቸውን ክር ፈቱ፣ ካልሲያቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ። ነጭ፣ ቀጫጭን የአስተማሪ እግር ነው፤ ጭቃ ረግጦ አያውቅም። መሃል ድረስ ገቡና ቆሙ።

«ና እንጂ፣ በሺር» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

በሺር ጫማውን አወለቀና የሚንቀጠቀጥ እጁን ሰጣቸው። ጋሽ ቀለሙ አጥብቀው ያዙት፤ እትዬ አልጣሽ «አረጋገጡን እንኳ አታውቁትም» እያሉ ከኋላ ገቡ፤ ጭቃው መረገጥ ጀመረ።